ከነቅርፊቱ የተቆላ ሩዝ

ሬዲዮ ጣቢያው ውስጥ መጀመሪያ የነገሩኝ ጠረጴዛውን እንዳልነካ ነው። ቀጥሎ ወንበሩን እንዳላወዛውዝ፣ ከዚያ ደግሞ ወረቀት እንዳላንኮሻኩሽ። እኔ እጄን ካላወናጨፍኩ አፌ የማይሠራ ሰው ነኝ። ባለቤቴ እጄን የሚያስርልኝ ሰው ቢገኝ ቤቱ ጸጥ ይል ነበር ትላለች። እንግዲህ ሁለቱንም እጄን ጭኔ ሥር ሸጎጥኩና እንቁላል እንደታቀፈች ዶሮ ቁጭ አልኩ።

ሥራዬ ወረታ ላይ ሩዝ መፈልፈል ነው። ገበሬው በጆንያ ያመጣል፣ ማሽኑ ቅርፊቱን ያወልቃል፣ ነጩ ሩዝ በአንድ በኩል፣ ገለባው በሌላ በኩል ይወጣል፣ አቧራው እኔ ላይ ይቀራል። ከዚህ ተነስቶ ሬዲዮ የሚደርስ ሰው አላውቅም። ብቻ ባህር ዳር ያለች አንዲት የጠዋት ፕሮግራም አዘጋጅ ስለ ፎገራ ሩዝ የሚያወራላት ሰው ስትፈልግ፣ የጠየቀቻቸው ሁሉ «ማውራት ከሆነማ» እያሉ ወደኔ ጠቆሟት። «ስለ ሩዝ ከሆነማ» ያላት አንድም ሰው የለም። ያኔ ልብ ማለት ነበረብኝ።

በዋዜማው አንድ ገጽ ሙሉ ጻፍኩ። ሩዝ ማሽን ውስጥ ለምን ይሰባበራል፣ ፀሐይ ላይ ስንት ቀን ይቆይ፣ እንዴት ይገላበጥ። ጥሩ ወረቀት ነበር። ከዚያ ለክርስትና አባቴ ስልክ ደወልኩ።

አባቴ የሞተው እኔ ልጅ ሳለሁ ነው። ከዚያ ወዲህ አባት ያልኩት የክርስትና አባቴን ነው። ከወረታ ወደ ይፋግ በሚወስደው መንገድ ዳር ይኖራሉ፤ ገበሬ ናቸው። ዕድሜያቸው ሰማንያ ሳይሞላ አይቀርም፣ እሳቸው ግን ሰባ ላይ መቁጠር አቁመዋል። የገበያ ቀን ሳይመጡ ቀርተው አያውቁም። ማሽኑ አጠገብ ጆንያ ላይ ይቀመጡና ሻይ እየጠጡ ደንበኞቼን ይመርቃሉ፣ እኔን ይሰድባሉ። ሁለቱንም የሚያደርጉት በአንድ ድምፅ ነው።

«አባባ፣ ነገ ጠዋት በሬዲዮ ልናገር ነው» አልኳቸው።

«ማን ፈቀደልህ?»

«ራሳቸው ለምነውኝ ነው።»

«ቸግሯቸዋል ማለት ነው።»

«ሰው ሰብስበው ይስሙኝ» አልኩ።

ይቺን የመጨረሻዋን አፌ ውስጥ ላስቀራት ብችል የማሽኑን ሞተር እሰጥ ነበር።

ስቱዲዮው ቀዝቃዛ ነው፤ ወፍራም መጋረጃ ግድግዳውን ሁሉ ሸፍኖታል። ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ ደፉብኝ። የራሴን ድምፅ የሰማሁት ያኔ ነው፤ አጥር ውስጥ አንገቷ የተያዘባት ፍየል ትመስላለች። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሰው ይህን ድምፅ ችሎ መኖሩ ገረመኝ። አዘጋጇ ደግ ልጅ ናት። «ዘና ይበሉ፣ ልክ ቤትዎ እንዳሉ ሆነው ያውሩ» አለችኝ። ቤቴ ማን አስወርቶኝ ያውቃል።

ቀይዋ መብራት በራች። ወረቀቴን እንዳላነሳ ይንኮሻኮሻል፤ እጄን እንዳላወጣ ጠረጴዛ እመታለሁ። አዘጋጇ ትጠይቀኛለች፣ እኔ «አዎ» እላለሁ። ረጅም ጥያቄ ስታመጣ «በጣም እንጂ» እላለሁ። ሰዓቱን ሰረቅ አድርጋ ስታይ አየኋት። ወረታ ላይ ወሬ የማያልቅበት የተባለው ሰው ከስምንት ቃል በላይ አልወጣውም። ከመስተዋቱ ወዲያ ያለው የድምፅ ባለሙያ እያዛጋ ነበር።

ተስፋ ስትቆርጥ ይመስለኛል፣ «እስቲ ስለ ሩዝ የሚያስቅ ገጠመኝ ካለዎት» አለችኝ።

እጄ ከጭኔ ሥር ወጣ።

ሩዝ ወደ ፎገራ ሲመጣ፣ በደርግ ጊዜ ነው፣ ምን እንደሆነ ያወቀ ሰው አልነበረም። የግብርና ሰዎች ለተመረጡ ገበሬዎች ትንሽ ትንሽ ዘር ሰጡና «ውሃ የሚተኛበት ላይ ዝሩት» አሏቸው። ታዲያ አንድ ሰውዬ የተሰጠውን ዘር ከነቅርፊቱ ቆላው። ቆሎ መስሎት። ለእንግዳ አቀረበ። እንግዳው ያኝካል፣ አይደቅም። ገለባው ጉሮሮ ይሰነጥቃል። ይሉኝታ ይዞት የሚተፋ የለም። እንዲህ እያሉ እስከ ማታ አኘኩ፤ አንዱ ጥርሱን ጥሎ ሄደ። በነጋታው የግብርና ሰዎች መጥተው «ቡቃያው የት አለ?» ቢሉ፣ ሰውየው ሆዱን አሳያቸው።

ጥርሱና ሆዱ የኔ ጭማሪ ናቸው። ይህን ታሪክ ሃያ ዓመት ሳወራው ኖሬያለሁ፤ ባወራሁት ቁጥር ትንሽ ይወፍራል።

የድምፅ ባለሙያው ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ ደፍቶ ይስቃል። አዘጋጇ እንባዋን ትጠርጋለች። ሰው ሲስቅ ሳይ ጭንቅላቴ እንደ ማሽኑ ቀበቶ ይወልቃል፤ መቆም ያለብኝ ቦታ ላይ አልቆምኩም።

«ሰውየው ዛሬም አሉ» አልኩ። «ስማቸውን አልጠራም። ብቻ ከወረታ ወደ ይፋግ ስትሄዱ፣ ድልድዩን ተሻግራችሁ በግራ በኩል ትልቅ ዋርካ ታያላችሁ። ከዋርካው ሥር ያለው ቤት ነው። ጣሪያው ግማሹ ቀይ ቆርቆሮ ነው። አንድ ዓይኑ ነጭ የሆነ በሬ አላቸው።»

እንደ ንጉሥ ሆኜ ወጣሁ። ዘበኛው ሳይቀር ጨበጠኝ። በር ላይ ቆሜ ለክርስትና አባቴ ደወልኩ። ጠራ፣ ጠራ፣ ተዘጋ። ደግሜ ደወልኩ። ያው ነው። ቀጥሎ ባለቤቴ ደወለች።

«ሰማሽኝ?»

«አገር ሰማህ። ምን ነክቶህ ነው የክርስትና አባትህን እንዲህ ያደረግካቸው?»

«ስም አልጠራሁም እኮ።»

«ስልክ ቁጥራቸውን ብቻ ነው ያልሰጠኸው» አለችና ዘጋችው።

ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ሐሙሲት ስንደርስ የተሳፈረ አንድ ሰውዬ ወሬዬን ለጎኑ ሰው ያወራ ጀመር። በኔ አንድ ሰው ላይ ሁለት ጨምሮበታል፤ በሱ ሦስት ሰው ነው ጥርሱን የጣለው። ደስ ሊለኝ ሲል፣ ከኋላ የተቀመጡ አንዲት ሴት «ዋርካው ጋ ወርደን እንያቸው እንዴ?» አሉ። ተሳቀ። ከፊት ያለው ሰው ግን ሳይዞር፣ «ምኑ ያስቃል፣ የመንግሥት ዘር የበላ ሌባ ነው» አለ።

እስከ ወረታ ቃል አልተነፈስኩም። በድምፄ እንዳያውቁኝ። ረዳቱ ሂሳብ ሲጠይቀኝ እንኳ በእጄ ነው ያናገርኩት።

የገበያው ቀን ደረሰ። ከጠዋት ጀምሮ መንገዱን ነው የማየው። ጆንያ እሰፋለሁ፣ ብቅ እላለሁ። ማሽን አስነሳለሁ፣ ብቅ እላለሁ። ደንበኛ ሩዙን ሲያስረክበኝ ከትከሻው በላይ መንገዱን እያየሁ አንዱን ሰው የሌላውን ጆንያ አሸከምኩት። ከክርስትና አባቴ መንደር የመጣው ሁሉ «ቆሎ የለህም?» ይለኛል። ሻይ አፍልቼ ነበር፣ በረደ። ድጋሚ አፈላሁ።

ከሰዓት በኋላ አንዲት ባጃጅ አለፈች። ውስጧ ጋቢ የለበሰ ሰው አለ። እሳቸው ናቸው። በኔ በኩል ባለው ወገን ነው የተቀመጡት፤ ፊታቸውን ግን ወደ ማዶ አዙረዋል። ማዶ ደግሞ የተዘጋ ሱቅ እንጂ ምንም የሚታይ ነገር የለም።

 ከዚያ በኋላ ቁጭ ስል ራሴን ቆሜ አገኘዋለሁ። ሽማግሌ ልላክ ብዬ ለባለቤቴ ነገርኳት።

«ሦስት ሽማግሌ ስትልክ ወሬው ሌላ ሦስት ቤት ይገባል» አለችኝ። «ራስህ ሂድ። ስትሄድ ደግሞ አታስቅ።»

«እንዴት ነው የማላስቀው?»

«እሱን መንገድ ላይ ተለማመደው።»

በባጃጅ እስከ ዋርካው ሄድኩ፤ ቤት የሉም፣ ማሳ ናቸው አሉኝ። የታጨደውን ማሳ አቋርጬ በእግሬ ገባሁ። ውድማቸው ላይ በሬዎች ሩዙን እየዞሩ ይረግጣሉ፤ ነጭ ዓይን ያለውም አለ። እሳቸው ዳር ላይ ዱላቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል። ቀና ብለው አዩኝ።

«መጣህ? ሬዲዮኑን የት ተውከው?»

ለመሳቅ ቃጣኝ፤ የባለቤቴን ቃል አሰብኩና ዋጥኩት። ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ።

«አባባ፣ ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት።»

«በየትኛው? የኔና ያንተ ብዙ ነው።»

«በሬዲዮው።»

«እ። እሱን ሰምቼዋለሁ።» ትንሽ በሬዎቹን አዩ። «ሰው ሰብስቡ አልከኝ። ሰበሰብኩ። ጎረቤቱን በሙሉ። ሬዲዮኑን ዋርካው ላይ ሰቀልኩት። ጠላ አስቀዳሁ። ሲንጫጩብኝ፣ ዝም በሉ ልጄ ሊናገር ነው አልኩ። እኔው ሰብስቤ፣ እኔው ዝም አሰኝቼ፣ እኔው ተሰደብኩ።»

አጠገባቸው ገለባው ላይ ተቀመጥኩ። 

«ወረታ ላይ ስታወራው አብሬህ እስቅ የለም?» አሉ። «እዚያ ሰው ያውቀኛል፣ አንተንም ያውቅሃል። ይሄኛው ግን ሌላ ሆነ። ሳቁ፣ ሄዱ። ማታ የልጅ ልጄ መጣችና ‹አባባ፣ የመንግሥት ዘር ሰርቀው በልተዋል እንዴ?› አለችኝ። ምን ልበላት?»

«አልሰረቅኩም ይበሏት።»

«ማን ነው የሰረቀው ብትለኝስ?»

ነገሩ አልገባኝም። ሃያ ዓመት ሙሉ ያወራሁት ታሪክ ነው፤ ከኔ በላይ የሚያውቀው የለም ብዬ ነበር።

«ዘሩ የተሰጠው ለኔ አይደለም» አሉ። «ለአባትህ ነው።»

በሬዎቹ ዞሩ። እሳቸው ሲናገሩ ድምፃቸው ከፍ አላለም፣ ዝቅም አላለም።

አባቴ ያኔ የገበሬ ማህበሩ ሊቀመንበር ነበር። በዚያ ክረምት ውሃው ሞልቶ ሜዳውን ያዘና ጤፉንም ኑጉንም ጠራርጎ ወሰደው፤ ሩዙም የመጣው ለዚሁ ነው፣ ውሃ ይችላል ተብሎ። በዚያው መሃል እኔ ተወለድኩ። አርባ ቀኔ ደርሶ ክርስትና ተነሳሁ። ካህኑ፣ የክርስትና አባቴ፣ ጎረቤቶች፣ ስምንት ሰው ወደ ቤት ገባ። ቤት ውስጥ ጠላ እንኳ የለም። እናቴ አራስ ናት። አባቴ ዞር ዞር አለና ጥግ ላይ የነበረችውን አንድ ቁና ዘር አየ።

«ቆሎ መስሎት አይደለም» አሉ። «እንዳልሆነ ያውቃል። ባዶ እጁን እንግዳ ፊት መቆም አቃተው። ራሱ ቆላው። ሁላችንም አየነው፣ ሁላችንም በላን። ካህኑ ሳይቀሩ ‹ይጣፍጣል› አሉ። ምኑ ይጣፍጣል፣ እሾህ ነው።»

«የግብርና ሰዎቹስ?»

«መጡ። አባትህ ሊቀመንበር ነው፤ የአደራ ዘር በላ ቢባል እስር ቤት ነው የሚገባው። አንተ አርባ ቀንህ ነው። እኔ ላጤ ነኝ፣ የሚጠብቀኝ የለም። ተነስቼ፣ ዘሩን ተውሼው እኔ ቆልቼ በላሁት አልኩ። በስብሰባ አቆሙኝ፣ ሰደቡኝ፣ አንድ ወር የማህበሩን ቦይ አስቆፈሩኝ። ጥሩ ቦይ ነው፣ ዛሬም ውሃ ያወርዳል። ከበሉትም አንድም ሰው አልተናገረም፤ ሁሉም በልቷል፣ ማን ማንን ይከሳል።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«አባትህ እንዳትናገር አለኝ። ከዚያ ሞተ። አንተ አደግክና ታሪኩን ከሰው ሰምተህ ታወራው ጀመር፤ ትስቅበታለህ። አባት የሌለው ልጅ እየሳቀ ነው፣ ምን ብዬ ላስቁመው?»

እጄ የሚገባበት ጠፋኝ። ጭኔ ሥር እንኳ አልገባ አለኝ። በሬዲዮም በገበያም ያሳቅኩበት ሰው አባቴ ነው፤ ስድቡን የተሸከሙት ግን እኚህ ናቸው።

«ሬዲዮ ጣቢያ ተመልሼ እውነቱን እናገራለሁ» አልኩ።

«አባትህን? በሬዲዮ?» ዱላቸውን አነሱ፤ ሊመቱኝ መሰለኝ። «እንዳታደርገው። እኔ ቦይ የቆፈርኩት ለዚህ አይደለም።»

«የልጅ ልጅዎስ?»

 ተነስተው በሬዎቹን ሊነዱ ገቡ።

ወደ ቤት ስመለስ ለባለቤቴ ሁሉንም ነገርኳት። ብናገር አባቴን አሰድባለሁ፣ ባልናገር እሳቸው ሌባ ሆነው ይቀራሉ። በነጋታው ማሽኑ እየሠራ ሳለ ሳስብ ሳስብ ጆንያ ሳላስቀምጥ ሩዙን መሬት ላይ አፈሰስኩት። ባለቤቴ መጥረጊያ ይዛ መጣችና አብራኝ እየጠረገች፣

«ያን ቀን አንተ የት ነበርክ?» አለችኝ።

«የት እሆናለሁ፣ አርባ ቀኔ ነው። ክርስትና ስነሳ ነዋ።»

«እንግዲያ ሁሉም የሆነው ባንተ ምክንያት ነው።»

መጥረጊያውን ያዝኩና ቆምኩ። ከዚህች ሴት ጋር ሃያ ስድስት ዓመት ስኖር፣ ለኔ የሚሆን መፍትሔ ሁልጊዜ የሚመጣው በስድብ መልክ ነው።

ለአዘጋጇ ደወልኩ። በየሳምንቱ መጨረሻ ላይ ለአድማጭ ስልክ ትከፍታለች።

«ማስተካከያ አለኝ» አልኳት።

«ስለ ሩዙ አደራረቅ?»

«እሱንማ አልተናገርኩትም፣ ምኑን አስተካክላለሁ። ስለ ቆሎው ነው።»

በቀኑ ማልጄ ዋርካው ጋ ሄድኩ። የክርስትና አባቴ «ሁለተኛ ሰው አልሰበስብም» ብለው ነበር፤ መሰብሰብም አላስፈለጋቸው። ጎረቤቱ ራሱ መጥቷል፣ ካለፈው እጥፍ። የሚሆነውን ለማየት። ሬዲዮኑ ቅርንጫፉ ላይ ተሰቅሏል።

«ምን ልትል ነው?» አሉኝ ቀስ ብለው።

«ስለ ራሴ ብቻ ነው የማወራው።»

«ያን እንኳ ትችላለህ» አሉና ተቀመጡ። ፊታቸው ግን አልተፈታም። የልጅ ልጃቸው ከኋላቸው ቆማለች።

መስመሩ እስኪከፈት ዋርካውን ሦስት ጊዜ ዞርኩት። አዘጋጇ «አቤት፣ ከወረታ» ስትል ሬዲዮኑም «አቤት፣ ከወረታ» አለ፤ ስልኬ ይጮህ ጀመር። «አጠገብዎ ያለውን ሬዲዮ ይዝጉት» አለችኝ። አንዲት ጎረቤት ተንጠራርተው ዘጉት። እንግዲህ አገሩ ሁሉ በሬዲዮ ሲሰማኝ፣ ዋርካው ሥር ያሉት ግን በባዶ አፌ ሊሰሙኝ ነው። ፊት ለፊቴ። እንዲህ ያለ ስቱዲዮ አይቼ አላውቅም።

«ባለፈው ሩዝ ቆልቶ ስለበላ ሰው አውርቼ ነበር» አልኩ።  «ሰውየውን ተሳስቼ ነው የነገርኳችሁ። ያ ዘር የተቆላው ለአንድ ሕፃን ክርስትና ነው። ውሃ እህሉን የወሰደበት ዓመት ነበር፣ ቤት ውስጥ ሌላ ምንም የለም። ዋርካው ሥር ያሉት ሰው አልሰረቁም። ሕፃኑን ክርስትና ያነሱት እሳቸው ናቸው፤ ቤቱ እንዳያፍር ብለው ስድቡን ወሰዱ፣ ቅጣቱንም ወሰዱ። ያ ሕፃን እኔ ነኝ። የመንግሥትን ዘር ያስበላሁት እኔ ነኝ። አርባ ቀኔ ነበር።»

  የተሰበሰበው ሰው አልሳቀም። የልጅ ልጃቸው አያቷን ታያለች።

የክርስትና አባቴ እጃቸውን ዘረጉ። ስልኩን ሰጠኋቸው። እንደ ሻይ ብርጭቆ በሁለት እጃቸው ያዙት፣ ከአፋቸው ራቅ አድርገው፣ ማሳ ማዶ እንዳለ ሰው ጮክ ብለው ተናገሩ።

«እኔ ክርስትና አባቱ ነኝ። ያለው እውነት ነው። ያን ቀን ውሃው ሲነካው አለቀሰ፤ እስከ ዛሬ አፉን አልዘጋም።»

ያኔ ነው ሰው የሳቀው። የልጅ ልጃቸውም ሳቀች። በኔ ላይ ነው የሚሳቀው፤ እኔ ደግሞ ሳቁ እስኪያልቅ ከወዲህ ወዲያ እላለሁ፤ ምክንያቱም እሳቸው ገና ፊታቸውን ወደኔ አላዞሩም።

አዘጋጇ ሰላምታ የሚያቀርቡለት ሰው ካለ ብላ ጠየቀቻቸው መሰለኝ። ይሄማ መጠየቅ አልነበረበትም። ከይፋግ ጀመሩ፤ እዚያ ያሉትን ዘመዶች፣ ወፍጮ ቤቱን፣ ካህናቱን። ቀጥለው ጎረቤቱን፣ ከፊታቸው የቆመውን ሁሉ፣ አንድ በአንድ፣ ያለፈው ሳምንት መጥቶ ዛሬ የቀረውንም። ስልኩን እንዲመልሱልኝ እጄን ዘረጋሁ፤ ጀርባቸውን ሰጡኝ። ጨረሱ ስል ሌላ ይጨምራሉ። የኔ ቤት ላይ ደረሱ። ባለቤቴን ጠሩ፣ ልጆቼን ጠሩ፣ እኔን ዘለሉኝ። አዘጋጇ ሰዓት አልቋል እያለቻቸው ነው፣ ከስልኩ ይሰማኛል።

ዞሩ። አዩኝ።

«ይሄ አጠገቤ የቆመውን ልጄንም ሰላም በሉልኝ» አሉ።